የድሮው ማጉያ ለምን ያጉረመርማል?

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ አምሐ ሬከርድስን ሲመሠርት፣ በዓለም ዙሪያ ቫልቭ ቦታውን ለትራንዚስተር በመልቀቅ ላይ ነበር። ሆኖም የዚያ ዘመን ባለ ቫልቭ ማጉያዎች ዛሬም በአንዳንድ ቤቶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ ለዓመታት የተረሳ ዕቃ ከየማዕዘኑ መውጣቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ማጉያ አቧራውን አራግፎ ወዲያው ሶኬት ላይ መሰካት ግን አደጋ አለው። ምክንያቱን እንመልከት።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። የማጉያው ቫልቮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይሻሉ። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን ያሳድጋል፤ ሬክቲፋየሩ አቅጣጫውን አንድ ያደርጋል። የሚወጣው ቮልቴጅ ግን ገና በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ካፓሲተሩ እንደ ውኃ ጋን ነው፤ ከፍ ሲል ይሞላል፣ ዝቅ ሲል ያካፍላል። አቅሙ በግማሽ ከቀነሰ የቀሪው ሞገድ ስፋት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። የምንሰማው ጉርምርምታ ይኸው ነው።

በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጥ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በእርጥብ ወረቀት ተለያይተው ተጠቅልለዋል። ኮረንቲ የሚያግደው በአንደኛው ቅጠል ላይ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ነው። እርጥበቱ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ መሣሪያው ሳይሠራ ሲከርም ደግሞ ሽፋኑ ይዳከማል። ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲደርሰው ኮረንቲ ያሾልካል፣ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ለመለወጥ ስንነሣ ቅድሚያ የምንሰጠው ለሕይወታችን ነው። በ350 ቮልት የተሞላ ባለ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ማጉያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 2.9 ጁል ገደማ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ለሞት ሊያበቃ የሚችል ንዝረት ነው። ስለዚህ በ47 ኪሎ ኦም፣ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር እናራግፈዋለን፤ በ11 ሴኮንድ ከ3 ቮልት በታች ይወርዳል። በቮልት መለኪያ ሳናረጋግጥ ግን እጃችንን አናስገባም።

የአዲሱ ካፓሲተር የቮልት መጠን ከነባሩ ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ አይጎዳም። የፋራድ መጠኑን እጅግ ማሳደግ ግን ቫልቭ ሬክቲፋየርን ይጎዳል፤ ለምሳሌ ለኢዜድ 80 የተወሰነው ጣሪያ 50 ማይክሮፋራድ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም መገለባበጥ የለበትም።

በመጨረሻም መጀመሪያ ስናበራው ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ እናገናኛለን። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለና ወዲያው እንነቅላለን። ካፓሲተር ከገበያ ይገዛል፤ የተቃጠለ የድሮ ትራንስፎርመር ግን እንደገና በባለሙያ እጅ መጠምጠም ይኖርበታል።