የዘፈቀደ ንዝረትን በቀጥተኛ ስሌት ስለ መገመት

እንደሚታወቀው፣ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የሞላ ሕግ ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን የሞላው መሳብ ወይም መጨመቅም እጥፍ ይሆናል ይላል። እንዲህ ያለው ዝምድና ቀጥተኛ ይባላል። ይሁን እንጂ በልደታ ማርያም አካባቢ ሰው ሞልቶ በኮብልስቶን ላይ የሚጓዝ ሚኒባስ ታክሲ ይህን ሕግ እስከ መጨረሻው አይከተልም። ባሌስትራው በብርቱ ሲጫን ከጎማ ማረፊያው ጋር ስለሚገናኝ እየጠነከረ ይሄዳል። የመንገዱም ወጣ ገባነት አስቀድሞ በዝርዝር ስለማይታወቅ ንዝረቱ የዘፈቀደ ነው፤ ሊሰላ የሚችለው አማካዩ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል አሜሪካዊው ቡተንና ሶቪየታዊው ካዛኮቭ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለቁጥጥር መሣሪያዎች ያቀረቡት ዘዴ ኋላ ለመካኒካዊ ንዝረትም ውሏል። በዘዴው መሠረት እውነተኛው ሞላ በቀጥተኛ ሞላ ይተካል። የምትኩ ጥንካሬ የሚመረጠው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ያለው ልዩነት ካሬ አማካይ እጅግ አነስተኛ እንዲሆን ተደርጎ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሞላው ጉልበት ከመፈናቀሉና ከመፈናቀሉ ኩብ አንድ አሥረኛ ድምር ጋር ተመጣጣኝ ይሁን። የኩቡ ክፍል ባይኖር ኖሮ የንዝረቱ ካሬ አማካይ 1 ነበር እንበል። ቀስቃሹ ኃይል በሁሉም ድግግሞሽ እኩል ከሆነ፣ ምትኩ ሞላ በ1 + 0.3 × (ካሬ አማካይ) እጥፍ ይጠነክራል፤ አዲሱም ካሬ አማካይ 1 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከ1 ተነሥተን ስሌቱን ስንደጋግም 0.769፣ 0.813፣ 0.804 እያለ በ0.805 ይረጋል። ትክክለኛው መልስ 0.818 ስለሆነ ስሕተቱ 1.5 በመቶ ያህል ነው። የኩቡ ድርሻ ከአንድ አሥረኛ ወደ 1 ከፍ ሲል ግን ግምቱ 0.434፣ እውነተኛው 0.468 ይሆናል፤ ስሕተቱም 7 በመቶ ይደርሳል።

በሁለቱም ጊዜ ግምቱ ከእውነቱ ያነሰ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። ከዚህም በላይ ዘዴው አማካዩን እንጂ አልፎ አልፎ የሚደርሰውን ብርቱ ንዝረት በሚገባ አያሳይም። ሕንፃን የሚያፈርሰው ደግሞ ይኸው ብርቱ ንዝረት ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ነውጦች በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምተዋል። የተሰነጠቀ ምሰሶ እንደ ባሌስትራው አይጠነክርም፤ ይልቁንም ይላላል።

ስለዚህ መምህራን ስሌቱን በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት ይችላሉ፤ ከማባዛት፣ ከመደመርና ከማካፈል በላይ አይጠይቅም። ዕቅድ አውጪዎችም የተገመተ አማካይ ሲቀርብላቸው ስለ ብርቱው ንዝረት የተለየ ስሌት መሠራቱን ሊጠይቁ ይገባል።