በኢንች ያደገው፣ በወርድ የጠበበው ስልክ

ባለፈው ዓመት ለእናቴ አዲስ ስልክ ላክሁላት። የድሮው 5.5 ኢንች ነበር፤ አዲሱ 6.5 ነው። የምትጽፍበትን የአማርኛ ኪቦርድ የሠራሁት እኔ ነኝ። «አንድ ሙሉ ኢንች ካደገማ ቦታ ይተርፋል» ብዬ፣ በየረድፉ በነበሩት 10 ቁልፎች ላይ አንድ አንድ ጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ የሚመጣው የድምፅ መልእክት ብቻ ሆነ። ምነው መጻፍ ተውሽ ብላት፣ «ልጄ፣ አንዱን ስነካ ሌላው ይጻፋል። አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለችኝ።

ጥፋቱ የእርጅና ሳይሆን የእኔ ሒሳብ ነበር።

የስክሪን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ነው። ይህ መስመር ስክሪኑን ለሁለት እኩል ጎነ ሦስቶች ይከፍለዋል። እያንዳንዳቸው አንድ የ90 ዲግሪ ማዕዘን አላቸው። ወርዱና ቁመቱ አጫጭሮቹ ጎኖች ናቸው፤ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ኢንች ደግሞ ረጅሙ ጎን፣ ሃይፖተኑሱ ነው። በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት የወርዱ ካሬና የቁመቱ ካሬ ሲደመሩ የረጅሙን ጎን ካሬ ይሰጣሉ።

ረጅሙን ጎን ብቻ ይዘን ግን ሌሎቹን ማግኘት አንችልም፤ የቁመትና የወርዱ ምጥጥንም ያስፈልጋል። የድሮው ስልክ 16 ለ9 ነው፤ አዲሱ 20 ለ9።

አዲሱን እናስላ። ቁመቱ 20 ድርሻ፣ ወርዱ 9 ድርሻ ይሁን።

20 × 20 + 9 × 9 = 481

የ481 ስኩዌር ሩት 21.93 ገደማ ነው። ስለዚህ ረጅሙ ጎን 21.93 ድርሻ ይሆናል ማለት ነው። 6.5 ኢንችን ለ21.93 ስናካፍል አንዱ ድርሻ 0.296 ኢንች ይሆናል። ዘጠኙ ድርሻ 2.67 ኢንች፣ ማለትም 67.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የድሮውን በዚሁ መንገድ ብንሠራው (256 + 81 = 337፣ ስኩዌር ሩቱ 18.36) ወርዱ 68.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል።

አዲሱ ስልክ በአንድ ኢንች «በልጦ» ሳለ በወርድ ግን ያንሳል! ያደገው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ቁመቱ ከ122 ወደ 151 ሚሊ ሜትር ገደማ ሄዷል። እኔ ደግሞ በጠበበው ላይ ቁልፍ ጨመርኩበት። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሳንቆጥር፣ የአንዱ ቁልፍ ወርድ ከ6.85 ወደ 6.16 ሚሊ ሜትር ወረደ። ለእናቴ ጣት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

አሁን ኮዱ ኢንቹን አያምንም። መጀመሪያ ወርዱን በሚሊ ሜትር ያሰላል፤ የቁልፎቹን ብዛት የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ አንደኛው ቁልፍ ወጥቶ፣ በተረፈው ቁመት ላይ ረድፎቹን ከፍ ከፍ አደረግኋቸው።

ሒሳቡ ለቴሌቪዥንም ያው ነው። ባለ 55 ኢንች፣ 16 ለ9 ስክሪን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መደርደሪያችሁን ለኩ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ስለ ቡና መወደድ አራት መስመር ጽፋ ላከችልኝ። አንድም ፊደል አልተሳሳተችም።