ውሻ ያሳደገ ኃላፊነቱንም ይሸከም



የመንግሥት ሠራተኛ ከደጋ ወደ ቆላ ሲዛወር አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አጎበርና ስለ ውሃ በርሜል ነው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁባት በመተማ ጥቂት ሌሊት ካደረ በኋላ ግን የጅቡን ጩኸትና የአጥሩን ስስነት አይቶ «አንድ ውሻ ፈልጉልኝ» ማለቱ አይቀርም። እኔም በዚሁ አገር በመምህርነት ስኖር ከቤተ ሰቤ ጋር ውሻ አሳድጋለሁና፤ ለሥራ ጓደኞቼ የሚጠቅም መስሎ የታየኝን በአጭሩ እገልጻለሁ።

የቆላው ውሻ በደጋ ከምናውቀው ጠጉራም የበግ ጠባቂ የተለየ ነው። አካሉ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረዘም ያለ ነው። ዐረቦች ሚዳቋ የሚያድኑበት ሳሉኪ የተባለው ውሻ፤ እንዲሁም ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳን ተገኝቶ በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ባሴንጂ እንደዚሁ ቀጫጭኖች ናቸው። ባሴንጂ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱ 10 ወይም 11 ኪሎ ሲሆን እንደ ሌላው ውሻ አይጮኽም፤ እንደ ድመትም ገላውን በምላሱ ያጸዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር እንዲህ ያለው ሰውነት ይስማማል። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውምና፤ የሚበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ውሻን በቀትር ፀሐይ በሰንሰለት አስሮ መዋል ጭካኔ ነው። ጥላና ውሃ ይዘጋጅለት፤ ሩጫውም ማለዳ ወይም ማታ ይሁን።

እንደዚህ ያለ የአደን ውሻ ከቤተ ሰብ ጋር ሲኖር ገርና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የሚሮጥ ነገር ባየ ጊዜ ጥሪ አይሰማም። የጎረቤት ዶሮና የፍየል ግልገል ለእርሱ አውሬ ናቸው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከዶሮና ከፍየል ጋር ማልመድ፤ ልጆችንም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ማስተማር ይገባል። ከልጆች ጋር በአንድ መኝታ ማደሩ ግን አይበጅም፤ መዥገርና ቁንጫ ያመጣል። እስላም ጎረቤቶቻችንም ውሻን ለጥበቃ ወይም ለአደን ማሳደግን ሃይማኖታቸው ቢፈቅድም ምራቁ እንዲነካቸው አይወዱምና፤ በግቢያችን መጠበቅ የጉርብትና ደንብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ባልደረባችን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ውሻውን በሩ ላይ ትቶት ሄደ። ውሻው ጥቂት ቀን የተዘጋውን ቤት ጠበቀ፤ በኋላም ከገበያ ውሾች ጋር ተቀላቀለ። ከዚያም አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱን እግሩ ላይ ነከሰው። አባቱ ልጁን ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ሊወስደው ሲነሣ ተከራክረን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ወሰድነው። የታዘዘለትን ክትባት በየቀጠሮው ጨረሰ፤ ዛሬም ከክፍሌ ተቀምጦ ይማራል። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ የታወቀ ነው፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በአገራችንም በነሐሴ 1895 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ይኸው በሽታ እንደ ተዛመተ ተጽፏል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ጌታው ትቶት ሲሄድ ግን የሚበላበትንም የሚጮኽበትንም ደጅ ያጣል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። አንዳንዶች መፍትሔው መርዝ ማብላት ነው ይላሉ። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል፤ በቦታውም ሌሎች ያልተከተቡ ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾች 70 ከመቶ የሚሆኑትን መከተብን ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት መንገድ ይቋረጣል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ቡችላ ስትቀበሉ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፤ ክትባቱንም በየዓመቱ አድሱለት። የዝውውር ደብዳቤ በደረሳችሁ ጊዜ አልጋና ወንበራችሁን ለማን እንደምትሸጡ እንደምታስቡ ሁሉ፤ ውሻውን ለማን እንደምታስረክቡ አስቡ፤ የክትባቱንም ወረቀት አብራችሁ ስጡ። ሦስት ዓመት በራችሁን የጠበቀ እንስሳ በሄዳችሁ ማግስት የሰው ልጅ ጠላት እንዳይሆን ማድረግ ከእናንተ የሚጠበቅ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር፤ ከመተማ