ጫፈ ቆልማማው ቀስትና አሠራሩ

ቀስት ሲባል ብዙ ሰው በኅሊናው የሚስለው ጎብጦ አውታር የታሰረበትን ተራ በትር ነው፤ እንዲህ ያለውን እረኞች ልጆችም ከብት ሲጠብቁ ይሠሩታል፣ ጥጥ የምትነድፍ ባልቴትም ከደጋንዋ የተነሣ አሳምራ ታውቀዋለች። ዛሬ ለአንባቢ የምናስተዋውቀው ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከቀስተኛው ርቀው ወደ ዒላማው የተቆለመሙት የእንጨት ቀስት ነው። ይህ መቆልመም ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ጫፎቹ ወደ ፊት መዞራቸው አውታሩን ገና መሳብ ሲጀመር ጠንክሮ እንዲይዝ ስለሚያደርገው፣ በዚያው የክንድ ርዝመት ውስጥ ቀጥ ካለው ቀስት የበለጠ ኀይል ይከማቻል፤ የመሳቡም ፍጻሜ ሲቃረብ ቀስቱ በድንገት ገትሮ አያስቸግርም።

ስለዚህ ጥበበ እድ ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ ልብ የሚነካው የአሜሪካው ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1911 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ያሂ ከሚባለው ነገድ የተረፈው የመጨረሻው ሰው ብቻውን ከዱር ወጣ። የገዛ ስሙን ለማንም ስላልነገረ ሊቃውንት ኢሺ ብለው ጠሩት፤ በሳን ፍራንሲስኮም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር አኖሩት። ሐኪሙ የነበረው ዶክተር ሳክስተን ፖፕ በአጠገቡ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ቀዶ ጥገና የሚያስተምር ሲሆን፣ በሽተኛውን እያከመ ከዚያው ከበሽተኛው እግር ሥር ተቀምጦ ቀስት መሥራትን እንደ ደቀ መዝሙር ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ፖፕ ግን የተማረውን በ1918ና በ1923 ባሳተማቸው ጽሑፎች አኖረው፤ ከእርሱ በኋላ በእንጨት ቀስት የተጠመዱ አሜሪካውያን ብዙዎቹ መንገዱን የያዙት ከእነዚህ ጽሑፎች ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የእንጨቱን ጀርባና ሆድ መለየት ይገባዋል። ጀርባ የሚባለው ወደ ዒላማው የሚያየው ገጽ ሲሆን ቀስቱ በተሳበ ጊዜ ይለጠጣል፤ ሆድ የሚባለው ወደ ቀስተኛው የሚያየው ሲሆን ይጨመቃል። እንጨት ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ሲለጠጥ ግን ክሩ በአንድ ስፍራ ተቆርጦ እንደ ሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዛፉ በአንድ ዓመት ያበቀለው አንድ ቀለበት ብቻ እንዲሆን፣ ያንንም ቀለበት ስለት ፈጽሞ እንዳይነካው ያስፈልጋል። ጉጥ ቢያጋጥም እንኳ በዙሪያው ሥጋ ትቶ ማለፍ እንጂ ቆርጦ ማስተካከል አይገባም። ሂኮሪና ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባሉት የአሜሪካ ዛፎች መለጠጡንም መጨመቁንም ይችላሉ። ኢሺ የሚወደው ግን የአገራችን ጥድ ዘመድ የሆነውን የተራራ ጥድ ነበር፤ ይህ ዕፅ መለጠጥን ስለማይችል፣ የአጋዘን ጅማት በጥርሱ አላምጦ ካለሰለሰ በኋላ ከሳልሞን ዓሣ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ እየለጠፈ ጀርባውን ያለብሰው ነበር። ማላመጡ የሚቀፈው ሰው ጅማቱን በውሃ ቢዘፈዝፍም ይሆንለታል።

ጀማሪ ከ170 ሴንቲሜትር ባያሳጥር ይሻለዋል፤ አጭር ቀስት ስሕተትን አይምርምና። እንጨቱ በጥላ ሥር ወራት ቆይቶ ከደረቀ በኋላ፣ ወደ እጀታው 5 ሴንቲሜትር ያህል ሰፍቶ ወደ ጫፎቹ እየጠበበ ይጠረባል። ጫፎቹን ለመቆልመም ኢሺ በጋለ ድንጋይ ላይ ያሞቃቸው ነበር፤ በዛሬ ጊዜ ግን ከሚፈላ ድስት በሚወጣ እንፋሎት ውስጥ ማቆየት ይቀላል፤ የተለመደው ልክ ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ከእንፋሎቱ የወጣው ጫፍ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ብሎ በተዘጋጀለት የእንጨት ቅርጽ ላይ በሞርሳ ይጠበቅና፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዋል። እጅግ የተቆለመመ ጫፍ ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን የቀስቱን ክንድ፣ ማለት ከእጀታው እስከ ጫፉ ያለውን ክፍል፣ ስለሚያጣምመው አውታሩ ወደ ጎን ያመልጣል፤ በእኔ አስተያየት ጀማሪ በጥቂት መቆልመም ረክቶ፣ ድካሙን ሁሉ ለሚከተለው ሥራ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

የጥበቡ ልብ ክንዶቹን እኩል ማጉበጥ ነውና። በአንድ ቀንበር ከተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ቢለግም ጭነቱ ሁሉ በሌላው እንደሚወድቅ፣ ከሁለቱ ክንዶች አንዱ ደንድኖ ቢቀር ሌላው ከድርሻው በላይ ይጎብጥና ይሰበራል። ስለዚህ ሠሪው ቀስቱን እጀታው በሚያርፍበት ቋሚ ላይ አድርጎ፣ ረዥም አውታር አስሮ፣ በመጀመሪያ በጥቂቱ ብቻ ይስበዋል፤ ፈንጠር ብሎም መጉበጡን ይመለከታል፤ የማይጎብጠውን ስፍራ ከሆዱ በኩል በሞረድ ወይም በቢላዋ ይፍቃል፤ አብዝቶ የሚጎብጠውን ግን አይነካውም። ከፋቀ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ እየሳበ እየለቀቀ እንጨቱን ያለማምደዋል፤ የተፋቀው ቦታ ለውጡን ወዲያው አይገልጥምና፣ ሳያለማምድ እንደ ገና የሚፍቅ ሰው ከሚገባው በላይ ፍቆ ይገኛል። የሚፈልገው ኀይል 18 ኪሎ ቢሆን፣ በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ከ18 ኪሎ በላይ መሳብ የለበትም። እንዲህ እያለ 70 ሴንቲሜትር ያህል እስኪሳብ ድረስ ይቀጥላል፤ የሚቸኩል ሰው ቀስቱን የሚሰብረው በዚህ ላይ ነው።

ያለቀለት ቀስት ቅባት ጠጥቶ፣ አውታሩ ወልቆለት ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ኢሺም እንደተገተረ ወይም እንደ ቆመ የሚያድር ቀስት ይደክመዋል፣ ያልበዋልም ይል እንደ ነበር ፖፕ ጽፎአል። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ጨምረህ ያዝ፤ ፍላጻ ሳይደረግበት ተስቦ የተለቀቀ ቀስት ኀይሉን የሚወስድለት ስለሌለ ወደ ገዛ ሰውነቱ ይመልሰዋልና፣ ልጅም ሆነ እንግዳ ባዶውን ስቦ እንዲለቅ አትፍቀድ።