ከጣሪያ እስከ ጀሪካን፦ የዝናብ ውሃን ለመጠጥ ማብቃት

ዝናብ ከደመና ሲወርድ በገጠር ከሚገኘው ከማንኛውም ውሃ ይልቅ ለንጹሕነት የቀረበ ነው። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ከአፈርና ከዐለት አሟምቶ የሚሸከመው ማዕድን የለበትም፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፣ ባቄላና ሽንብራም ሲቀቀሉበት ፈጥነው ይበስላሉ። ብክለቱ የሚጀምረው ጣሪያ ከነካ በኋላ ነው። የወፍ ኩስ፣ አቧራ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የማድቤት ጥላሸት፣ የአይጥና የእንሽላሊት እዳሪ ይቀላቀሉበታል፤ ከዚያም ያልተከደነ በርሜል፣ ያልታጠበ ጀሪካን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጣሳ ይጨመርበታል። ስለዚህ ውሃውን የማከም ሥራ ከተጠራቀመ በኋላ የሚታሰብ ነገር መሆን የለበትም፤ ትልቁ ድርሻ ውሃው በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚደረግ ጥበቃ ነው። ክሎሪንና እሳት የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ ለመጠጥ በሚቀዳው ጥቂት ውሃ ላይ ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ጉዳዩ የቅርብ ነው። አምቦ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ በስተምዕራብ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ያለችው ባኮ ደግሞ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ። አብዛኛው ግን የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ምንጮች ይሳሳሉ፣ በደንዲ፣ በጀልዱና በቶኬ ኩታዬ የገጠር ቀበሌዎች ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ይረዝማል። አምቦ ከምድር ውስጥ በጋዝ የተሞላ ውሃ ስለምታወጣ ስሟ በአገር ሁሉ የታወቀ ነው፤ ያ ውሃ ግን ታሽጎ የሚሸጥ መጠጥ እንጂ የገጠር ቤተሰብ ወጥ የሚሠራበት አይደለም። በክረምት ከቆርቆሮው እየተንዠቀዠቀ፣ ግቢውን አጥቦ ወደ ሁሉቃና ወደ ጉደር ወንዝ የሚወርደው ግን በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ያልፋል።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 40,000 ሊትር ያርፍበታል፤ የሚረጨው፣ የሚተነውና ከአሸንዳው የሚዘለው አንድ አምስተኛ ቢቀነስ እንኳ 32,000 ሊትር ይቀራል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢያወጣ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ላሉት 150 ቀናት 4,500 ሊትር ይበቃዋል። ለልብስና ለገላ መታጠቢያም ታስቦ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ከተባለ ግን 18,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ለአብዛኛው ገበሬ ከአቅም በላይ ነው። እዚህ ላይ የጎደለው ዝናብ ሳይሆን መያዣ ነው። አንድ የ5,000 ሊትር ሮቶ ያለው ቤተሰብ የዝናቡን ውሃ ለአፍ ብቻ ቢጠብቀው፣ ለልብስና ለከብት ምንጩንና ወንዙን ቢጠቀም በጋውን በደህና ይሻገራል። ውሃው ለሁሉም ነገር ከዋለ ግን የገና ጾም ሳይፈታ ማጠራቀሚያው ይደርቃል።

ዝናብን አጠራቅሞ መጠጣት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በትግራይ በአምባ ላይ የተመሠረተው የደብረ ዳሞ ገዳም መነኮሳት ከዐለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ውስጥ የዝናብ ውሃ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። በቅርቡ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በብዙ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬዎች በብዛት ተቆፍረው ነበር። ብዙዎቹ ውሃውን ወደ ታች አስርገው ደረቁ፤ ሌሎቹ የትንኝ መራቢያ ሆኑ፤ ክዳንና አጥር የሌላቸውም ለሕፃናትና ለከብት አደጋ ፈጠሩ። ከመሬት ላይ የተሰበሰበ ጎርፍ እበትና የሰው እዳሪ አጥቦ የሚመጣ በመሆኑ ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይሆንም፤ ከጣሪያ ከወረደ ውሃ ጋር አንድ ላይ መቆጠርም የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መመዘኛ የዝናብ ውሃ ከተሻሻሉ የውሃ ምንጮች መካከል ተመድቧል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያሉት የቤርሙዳ ደሴቶች ወንዝ ስለሌላቸው እያንዳንዱ ቤት ዝናቡን ከጣሪያው እንዲሰበስብ በሕግ ይገደዳል፤ ጣሪያዎቹ በኖራ ነጥተው የሚታዩትም ለዚሁ ነው።

ጣሪያው ራሱ የመጀመሪያው ማጣሪያ ወይም የመጀመሪያው መበከያ ነው። ዚንክ የተቀባ የብረት ቆርቆሮ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ስለሚግል ጀርሞችን ይቀንሳል፣ ዝናቡም በቀላሉ ያጥበዋል። የሳር ክዳን ግን ውሃውን ያጠቁራል፣ ነፍሳትና አይጥ ያኖራል፤ ከእርሱ የሚወርደው ለመጠጥ ባይውል ይሻላል። ይዘቱ ያልታወቀ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል መጠንቀቅ ይገባል፤ የእርሳስ ጉዳት በማፍላትም በክሎሪንም አይወገድም። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ከአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየግቢው ዳርቻ ተተክሎ በጣሪያ ላይ ያንዣብባል። ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል፣ ዘይቱና ቀለሙ ለውሃው ጣዕምና ሽታ ይሰጠዋል፣ ቅርንጫፉ ወፍ ያሳርፋል። ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም፤ በጣሪያው ላይ የተዘረጉትን ቅርንጫፎች መመልመል ይበቃል።

ከጣሪያው ቀጥሎ አሸንዳው ይመጣል። ውሃ ሳይቋጥር ወደ አንድ በኩል በመጠኑ ዘንበል ብሎ መታሰር አለበት፤ የቆመ ውሃ ቅጠሉን አበስብሶ ትንኝ ያራባል። ዋናው ቁም ነገር ግን የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት ነው። ለሳምንታት በጣሪያው ላይ የተከማቸው ኩስና አቧራ የሚወርደው ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነውና፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር መድፋት ይመከራል። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይህ ከ20 እስከ 40 ሊትር፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን ነው። የሚሠራውም በቀላል ዘዴ ነው፦ ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያው ከመግባቱ በፊት ቅርንጫፍ ይወጣለትና ታችኛው ጫፉ የተደፈነ ወፍራም ቧንቧ ይቆምለታል። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ ይህን ይሞላል፤ ሲሞላ የሚቀጥለው ንጹሕ ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል። ዝናቡ ካባራ በኋላ መድፈኛው ተከፍቶ ይደፋል። ቧንቧ መግዛት የማይችል ቤት የሚያወርደውን ቱቦ በእጅ ማዞር ይችላል፤ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ውጭ፣ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ ወደ ውስጥ። ከበጋው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ቢለቀቅ ይመረጣል፤ ከላይ እንደተሰላው ክረምቱ ሲገባ ከመያዣው በላይ ውሃ አለና ቁጠባው እዚህ ላይ አይደለም።

ማጠራቀሚያው ሮቶ፣ በሲሚንቶ የተሠራ ታንከር ወይም በርሜል ሊሆን ይችላል። ብርሃን የማያስገባ መሆን አለበት፤ ብርሃን የገባበት ውሃ አልጌ አውጥቶ ይለመልማል። ክዳኑ ገጣጥሞ መዘጋት፣ መግቢያውና የትርፍ ውሃ መውጫው ደግሞ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት መሸፈን አለባቸው። ትንኝ ካልገባ እጭ አይኖርም፤ በባኮና በጉደር ቆላማ ሥፍራዎች ወባ ስላለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመቅጃው ቧንቧ ከወለሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል ደለሉ ከታች ይቀራል። ውሃው ሳይነካካ በተቀመጠ ቁጥር ደለሉ ይዘቅጣል፣ የጀርሞቹም ቁጥር በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። አዲስ የሲሚንቶ ታንከር መጀመሪያ የሚሞላበትን ውሃ ኖራ ኖራ እንዲል ያደርገዋል፤ ያ ውሃ ለመጠጥ ሳይውል ተደፍቶ ታንከሩ ይታጠባል።

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን ማጽዳት የቤተሰቡ ዋና ሥራ መሆን ይገባዋል። ደለሉ ይወጣል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈገፈጋል። ከዚያ ተሞልቶ በአንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ይጨመርበትና ለአንድ ሌሊት ይተዋል። በማግስቱ ይህ ውሃ ይደፋል፤ ለመጠጥ አይሆንም። ከሰው ጉልበት ጥቂት ሰዓት የሚወስድ፣ ዋጋውም የጥቂት ጠርሙስ በረኪና የሆነ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ለመጠጥ የሚቀዳው ውሃ የመጨረሻ ሕክምና ያስፈልገዋል። የሚታከመው ሙሉ ታንከሩ አይደለም፤ የተጨመረው ክሎሪን በጥቂት ቀናት ይጠፋልና፣ አዲስ ዝናብም በላዩ ይወርድበታልና። ሕክምናው ለዕለቱ በተቀዳው ጀሪካን ላይ ይደረግ።

ማፍላት ሁሉም የሚያውቀው መንገድ ነው። የምዕራብ ሸዋ ከፍታ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፍ ባለችው ጌዶ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ይህ ሙቀት ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ባሉ አካባቢዎች ውሃው ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይመክራል፤ ዝቅ ባሉ ቦታዎች አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ክሎሪን የማይደፍራቸውን ጥገኛ ተሕዋስያንም ይገድላል። ጉድለቱ ማገዶ ነው፤ በተጨማሪም የፈላ ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ሲበከል የሚከላከልለት ነገር የለም።

በዚህ በኩል ክሎሪን ይበልጣል፤ ውሃው ውስጥ ቆይቶ ይጠብቀዋልና። በአገራችን ውሃ አጋር በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ የክሎሪን ውህድ የሆነው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በ20 ሊትር ጀሪካን ላይ ይጨመራል፣ ጀሪካኑ ይናወጣል፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጠጣል። ያን ጊዜ ውሃው በስሱ የክሎሪን ሽታ ቢኖረው ደህና ምልክት ነው፤ ሽታው ፈጽሞ ካልታወቀ መድኃኒቱ አንሷል ወይም ውሃው ቆሻሻ አለበት። ከዝናብ ውሃ ይልቅ ለደፈረሰ የወንዝ ውሃ የሚሆነው ቢሻን ጋሪ ነው፤ አንዱ ከረጢት 20 ሊትር ውሃ ያጠራል፣ ጀርሙንም ይገድላል። ለልብስ የተሠራ በረኪና ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ለመጠጥ ውሃ ባይታመን መልካም ነው።

በጋ ላይ ፀሐይ ትልቅ እገዛ ናት። እስከ ሁለት ሊትር የሚይዝ ንጹሕና ቀለም የሌለው ሃይላንድ በጠራ ውሃ ተሞልቶ በቆርቆሮ ላይ ጋደም ብሎ በጠራራ ፀሐይ ለስድስት ሰዓት ከቆየ የሚጠጣ ይሆናል፤ ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ግን ሁለት ቀን ይፈልጋል። ዘዴው በሐምሌ አያዋጣም። ነገር ግን በክረምት የተጠራቀመው ውሃ የሚጠጣው በታኅሣሥና በጥር ነውና፣ ለምዕራብ ሸዋ ጊዜው በትክክል ይገጥማል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳዊው ዴቪድ ማንዝ የተሠራውና በኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ካስፋፋቻቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው የአሸዋ ማጣሪያም ጀርሞችን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሆኖም ከእርሱ የወጣውን ውሃ በክሎሪን ማጠናቀቅ ይመከራል።

የታከመ ውሃ ቤት ውስጥ ተመልሶ እንዳይበከል አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ከእንስራና ከባልዲ ይመረጣል። ውሃው ከጀሪካኑ ተዘንብሎ ይቀዳል እንጂ ጣሳ አይነከርበትም። ለሕፃናት የሚሰጠው ውሃ በተለይ በዕለቱ የታከመ ይሁን። በቤቱ ተቅማጥ ከታየ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማማከር ይገባል፤ የውሃ መድኃኒት የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጨመር እነርሱ ያሳያሉ።

ከቤተሰብ በላይ ትልቅ ጣሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ናቸው። 200 ካሬ ሜትር ክዳን ያለው አንድ የመማሪያ ክፍሎች ብሎክ በአምቦ ዝናብ ከላይ በተያዘው ስሌት በዓመት ወደ 160,000 ሊትር ያወርዳል። ብዙው ብሎክ አሸንዳ ስለሌለው ውሃው የግድግዳውን ሥር እየቦረቦረ ይሄዳል። በምዕራብ ሸዋ አዲስ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሚያዋጡ ወላጆች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ረጂዎች አሸንዳውን፣ የመጀመሪያ ውሃ መድፊያውንና ታንከሩን ከመሠረቱ ጋር በአንድ ንድፍ ያስገቡ።