ፊቱ ባይታይም ሰውየው ይታወቃል፦ የነርሶች የእጅ ስልክና የሕመምተኛ ምስጢር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ ሕመምተኛው ደፍሮ እንዲናገር የሚመክር ነው። ነገር ግን በውስጡ ሳይነገር የታለፈ አንድ ውል አለ፤ ይኸውም ምስጢሩን የሚሰማው ሰው የሰማውንና ያየውን ለሌላ አሳልፎ እንደማይሰጥ ነው። ውሉ ከፈረሰ ሕመምተኛው ዳግመኛ አይናገርም፤ ካልተናገረም በአግባቡ ሊታከም አይችልም። ለብዙ ዘመን ይህን ውል ሲያሰጋው የኖረው በዋናነት የሰው አንደበት ነበር። ዛሬ ግን በነርሷ የጋዋን ኪስ ውስጥ ካሜራ፣ ሰዓት፣ ቦታ ጠቋሚና መልእክት መላኪያ በአንድነት የታጨቁበት ስልክ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ዘመናዊው የእጅ ስልክ በነርሶችና በሕመምተኞች መካከል ባለው የምስጢር ውል ላይ ያመጣውን ፈተና እንመለከታለን። የምንነሣውም ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው፦ የሕመምተኛው ስም ካልተጻፈና ፊቱ ካልታየ ምስጢሩ ተጠብቋል ማለት ይቻላልን?

ለመነሻ ያህል አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሞጣና በቢቸና አድርጎ ወደ ደጀን የሚዘልቀውን መንገድ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዚህ መንገድ ላይ በምትገኝ፣ ሞጣን በመሰለች ከተማ ውስጥ ባለ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ተረኛ ናት እንበል። ሕመምተኛዋ እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ያለባቸው እናት ናቸው። ነርሷ ቁስሉን ፎቶ አንሥታ ባሕር ዳር ለሚገኝ ስፔሻሊስት ትልካለች፤ ምክሩም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳታል። በዚያው ምሽት ያንኑ ፎቶ አብረዋት የተማሩ ነርሶች ወደሚወያዩበት የቴሌግራም ቡድን ታስገባዋለች። «እንማርበት» ከማለት ያለፈ ክፉ ሐሳብ የላትም። ፎቶው ላይ ስምም ፊትም የለም። እንግዲህ ሁለቱ ድርጊቶች በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ እኩል ናቸውን?

የቆየው ቃል ኪዳን

የሕክምና ምስጢር መጠበቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪሙ በሥራው ላይ ሳለ ያየውንና የሰማውን እንዲሰውር ያዝዛል። በነርሶች ዘንድ የታወቀውና በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም የተሰየመው ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ሲዘጋጅ ነርሷ የሕመምተኛውን የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በምስጢር እንድትይዝ አካትቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል።

በአገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ለእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት ይሰጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የጤና ባለሙያዎችን ጨምሮ የሙያ ምስጢርን የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል። በመጨረሻም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል መረጃዎች ጎራ መድቦታል። እንግዲያው የጎደለን የሕግ አንቀጽ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ስለ ሕመምተኛ ምስጢር በቂ ዕውቀት ያላቸው ከዐሥሩ ስድስት ገደማ፣ ቀና አመለካከት ያላቸው ደግሞ ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን አመልክቷል። ስልኩ የገባው እንግዲህ በዚህ ክፍተት መካከል ነው።

ፎቶው ከሚታየው በላይ ይዟል

በስልክ የተነሣ ፎቶ በዓይን ከሚታየው ምስል ሌላ የማይታይ ማስታወሻ ተሸክሞ ይጓዛል። ይህ ማስታወሻ ሜታዳታ ይባላል፤ አጻጻፉም እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን በወጣ ደረጃ የተወሰነ ነው። ፎቶው የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ ቦታ ጠቋሚው ከተከፈተ ደግሞ የሥፍራው ኬክሮስና ኬንትሮስ በፋይሉ ውስጥ ይመዘገባሉ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ እስከ አምስተኛው የነጥብ ቤት ድረስ ሲጻፍ ግን የመጨረሻዋ አኃዝ አንድ ሜትር ገደማ ትወክላለች። የስልክ ቦታ ጠቋሚ በተለይም ከጣሪያ ሥር ያን ያህል ባይረቅም፣ ፎቶው የተነሣው በየትኛው ግቢ ውስጥ እንደሆነ ለመናገር አይቸገርም። ብዙዎቹ የመልእክት መላኪያዎች ምስሉን ሲያሳንሱ ይህን ማስታወሻ ያራግፉታል፤ ፎቶው እንደ ፋይል ከተላከ ግን ማስታወሻው እንዳለ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ የቅጂው ብዛት ነው። አንዲት ነርስ «ልኬ አጠፋሁት» ስትል ያጠፋችው አንዱን ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱ በስልኳ የፎቶ ማኅደር፣ ሌላው በተቀባዩ ስልክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት በሚቀመጠው መጠባበቂያ ውስጥ ይኖራል። በብዙ ስልኮች ላይ የተሰረዘ ፎቶ እንኳ ለ30 ቀናት ያህል በመጣያው ውስጥ ይቆያል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ይመሰጥራል። በቴሌግራም ግን እንዲህ ያለው ምስጠራ የሚሠራው «ሚስጥራዊ ውይይት» በተባለው የሁለት ሰዎች መስመር እንጂ በቡድን ውይይት አይደለም። ያም ሆኖ ምስጠራው የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ ተቀባዩ ፎቶውን ለሌላ እንዳያስተላልፍ ሊከለክል አይችልም።

የመተላለፉን ፍጥነት በቀላል ስሌት እንየው። ቡድኑ 200 አባላት አሉት እንበል። ከእነዚህ አምስቱ ብቻ እያንዳንዳቸው 200 አባላት ላሉት ሌላ ቡድን ቢያስተላልፉት 1,000 ሰው ያየዋል። ከእነዚያ ቡድኖች በእያንዳንዱ እንዲሁ አምስት አምስት ሰዎች ቢቀባበሉት 5,000፣ በሦስተኛው ቅብብል 25,000 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን 200 ስንጨምር ድምሩ 31,200 ነው። «ካፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት አባቶቻችን በሦስት ቅብብል አንዲት ከተማ የሚያዳርስ ወሬ ይመጣል ብለው አላሰቡም ይሆናል።

ዐሥራ አምስት ጥያቄዎች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ፊትና ስም የሌለበት ፎቶ ባለቤቱን ሊያሳውቅ ይችላልን? ለዚህ መልስ የሚሰጠን የመረጃ ሒሳብ ነው። አንድን ሰው ከብዙ ሰዎች መካከል ለመለየት ስንት የ«አዎን» ወይም የ«አይደለም» ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ? እያንዳንዱ ጥሩ ጥያቄ የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ስለሆነም 32,768 ነዋሪዎች ባሏት ከተማ ውስጥ አንዱን ሰው ለመለየት ዐሥራ አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ሁለትን በራሱ ዐሥራ አምስት ጊዜ ብናባዛ የምናገኘው ይህንኑ ቁጥር ነውና። ከዓለም ሕዝብ መካከል ለመለየት እንኳ 33 ጥያቄዎች ብቻ ይበቃሉ።

በምሳሌያችን ከተማ ያለው ሆስፒታል 64 አልጋዎች ቢኖሩት፣ ፎቶው «በዚህ ሆስፒታል የተኛ ሰው ነው» ማለቱ ብቻ ከዐሥራ አምስቱ ጥያቄዎች ዘጠኙን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ከገጠር የሚመጡትን ብንቆጥርም በአልጋ ላይ ያሉት ያው 64 ናቸው። የቀሩት ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ሴት ናት ወይስ ወንድ? ወጣት ናት ወይስ በዕድሜ የገፋች? የተኛችው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው ወይስ ሌላ? የአንገት ንቅሳት፣ የማዕተብ ክር፣ የቀሚስ ጥለት፣ ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠው የአስታማሚ ጋቢ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ጎረቤትማ ጥያቄም አያስፈልገው፤ «የእትዬ እገሌ እግር ነው» ብሎ በአንድ እይታ ይለያል።

ይህ ሥጋት በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞቿን የሕክምና መረጃ ስማቸውን አውጥታ ለተመራማሪዎች ሰጠች። በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ በ20 ዶላር የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ ገዛችና ሁለቱን መዝገቦች አስተያየቻቸው። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት የከተማዋ መራጮች ከ54,000 በላይ ነበሩ። ከመራጮቹ መካከል የግዛቲቱ ገዥ የዊልያም ዌልድ የልደት ቀን የነበራቸው ስድስት፣ ከእነዚህም ወንዶቹ ሦስት፣ በእርሱ የፖስታ ክልል የሚኖረው ደግሞ እርሱ ብቻ ነበር። የገዥው የሕክምና መዝገብ በዚህ ሁኔታ ታወቀ። ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳመለከተችው የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ክልል ብቻቸውን 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ ለይተው ለማሳወቅ ይበቁ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም አለመጻፍ ምስጢር መጠበቅ አይደለም። ሰው የሚሰወረው ከእርሱ ጋር ሊምታቱ በሚችሉ ሰዎች ብዛት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማው ባነሰ ቁጥር መሰወሪያው ይጠብባል፤ የነርሷም ጥንቃቄ በዚያው ልክ መጨመር ይኖርበታል።

ባይታወቅስ?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ጥቂት የነርሲንግ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ሳሉ ከእንግዴ ልጅ ጋር ፎቶ ተነሥተው በፌስቡክ አወጡት። ኮሌጁ አባረራቸው። አንዷ ተማሪ ከሰሰች፤ በጥር 2011 የፌዴራል ዳኛው ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ወሰነ። በፎቶው ላይ እናቲቱን የሚያሳውቅ አንዳችም ምልክት አልነበረም።

እንግዲህ ማንም ካልታወቀ ማን ተጎዳ? በአገራችን በብዙ ሥፍራ እንግዴ ልጅ በክብር ይቀበራል እንጂ መታያ አይሆንም። ምስጢር መጠበቅ ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው አለመታወቅ ሲሆን ሁለተኛው መዘባበቻ አለመሆን ነው። ሰው አካሉን ለሕክምና ሲያጋልጥ ለትዕይንት አላጋለጠም። ጉዳዩ ሌላም ትምህርት አለው፤ አስቀድሞ የተጻፈ ግልጽ ደንብ ሳይኖር ከጥፋት በኋላ ቅጣት ማብዛት ለተማሪውም ለሕመምተኛውም አይበጅም።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በኤች አይ ቪ ዘመን ያየነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ብዙ ሰዎች በሚያውቋቸው ላለመታየት ሲሉ በከተማቸው ያለውን ጤና ተቋም አልፈው መድኃኒታቸውን ሌላ ከተማ ድረስ ሄደው ይወስዱ ነበር። የመኪና ዋጋ ያጣ ሰው ደግሞ ያቋርጥ ነበር። በአንድ ፎቶ የተነሣ የሚጎዳው እንግዲህ ፎቶ የተነሣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ያን ፎቶ አይታ «እኔንም እንዲህ ያደርጉኛል» ብላ ከቤቷ የምትቀረው፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት የፊስቱላ ታማሚም ጭምር ናት። እርሷ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ አትገኝም፤ አልመጣችምና። ግጭት ባለበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል እንዳየው ባለ የትጥቅ ግጭት ውስጥ፣ ቁስለኛ መቼና የት እንደተኛ የሚናገር ፎቶ ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ስልኩ ይቅርን?

አይቅር። መብራት ሲጠፋ የሚያበራው፣ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው፣ ከስፔሻሊስት ጋር የሚያገናኘው ይኸው ስልክ ነው። የሪፈር ወረቀት ይዛ ረጅም መንገድ ልትሄድ የነበረች እናት በአንድ ፎቶ ምክንያት ባለችበት ልትታከም ትችላለች። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ፎቶ ሕክምና ነበር፤ ሁለተኛው ግን አልነበረም። ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱን የለያቸው ዓላማው፣ ተቀባዩና ፈቃዱ ነው።

ስለሆነም በልምምድ ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ልብ እንድትሉ የምንሻው ይህን ነው። ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ሕመምተኛዋ «ይህን ፎቶ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም እንዲያየው ልላክ ወይ?» ተብለው ይጠየቁ። «እሺ» ማለታቸው ለሐኪሙ እንጂ ለቡድኑ አይደለም፤ እምቢ ቢሉም እንክብካቤው እንደማይቀርባቸው ይነገራቸው። ካሜራው ወደ ቁስሉ ብቻ ይጠጋ፤ ንቅሳቱ፣ ማዕተቡ፣ ካርዱና የጎረቤት አልጋ ከፎቶው ይውጡ። ቦታ ጠቋሚው ይዘጋ። ፎቶው ለአንድ ሰው ይላክ፤ ሥራው ሲያበቃ ከማኅደሩም፣ ከመጣያውም፣ ከመጠባበቂያውም ይሰረዝ። ለማስተማሪያ የሚፈለግ ከሆነ ለዚያው ዓላማ የተለየ ፈቃድ ይጠየቅበት።

ሸክሙ ሁሉ ግን በነርሷ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ሆስፒታሉ ለክፍሉ የሚሆን አንድ ስልክና የተጻፈ ደንብ ካላቀረበ፣ የነርሷ የግል ስልክ ልጆቿ የሚጫወቱበት ሆኖ ሳለ የሕክምና መሣሪያም መሆኑ አይቀርም። የትምህርት ክፍሎችም ጉዳዩን ተማሪዎች ወደ ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት እንጂ አንድ ፎቶ ከተሠራጨ በኋላ ሊያስተምሩት አይገባም።

ጣት ወደ መላኪያው ከመጠጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ሕመምተኛዋ እንዲድኑ ይህን ፎቶ ማየት ያለበት ማን ነው? መልሱ የአንድ ሐኪም ስም ከሆነ ለእርሱ ይላክ። መልሱ የአንድ ቡድን ስም ከሆነ ግን ስልኩ ወደ ኪስ ይመለስ።