ድድ ሲደማ

ጥርሳችንን ስንፍቅ ቡሩሹ ወይም መፋቂያው ደም ሲነካው፣ ብዙዎቻችን ድዱ የቆሰለ መስሎን መፋቁን እንተወዋለን። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የሚደማው ድድ አስቀድሞ የታመመ ድድ ነው፤ መፋቁ ሲቀርም ሕመሙ ይብስበታል። ምክንያቱን ባጭሩ እንመልከት።

ጥርስ ከጸዳ ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ባክቴሪያዎች በላዩ ላይ ቀጭንና ዝልግልግ ሽፋን መሥራት ይጀምራሉ። ሽፋኑ በተለይ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ይከማቻል። በየቀኑ ካልተጠረገ፣ በምራቅ ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት የተነሣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ በመፋቅ አይለቅም። ድዱም ባክቴሪያዎቹን ሲከላከል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል።

ይህን በግልጽ ያስረዳ አንድ ሙከራ አለ። ኖርዌያዊው የጥርስ ሐኪም ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አገር፣ በኦርሁስ ከተማ፣ ጤናማ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ ግን ድዳቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የበሽታው መነሻ ያልተጠረገው ሽፋን መሆኑንና በመጀመሪያው ደረጃ ፈጽሞ ሊድን የሚችል መሆኑን ነው።

ችላ ሲባል ግን በብዙ ሰዎች ላይ በሽታው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንትም ቀስ በቀስ ይመናመናል። አፍ ይሸታል፣ ድድ ይሸሻል፣ ጥርስ ይነቃነቃል። በመጨረሻም ያልተቦረቦረ፣ ደኅና ጥርስ ይወልቃል። የጠፋው አጥንት በራሱ ተመልሶ አያድግም። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማ፣ ሰው የሚነቃው ከረፈደ በኋላ ነው። ሲጋራ የሚያጨሱና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። የድድ በሽታም በበኩሉ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያህል፣ በለስላሳ ቡሩሽ ወይም ጫፉ ታኝኮ በለሰለሰ የወይራ መፋቂያ የድዱን ጠርዝ ጭምር በቀስታ እናጽዳ፤ የውስጡንና የኋላውን ጥርስ አንርሳ። መድማቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቆመ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የጠነከረውንም ድንጋይ የሚያነሣው እሱ ነው፤ በምስማር ወይም በመርፌ መፋቅ ድድን ያቆስላል።

ተማሪዎቻችን «ድዴ ስለደማ መፋቅ ተውኩ» ሲሉን፣ መልሳችን አንድ ይሁን፦ ስለደማ አትተዉ፤ ስለደማ በርቱ።